ሁለት ጊዜ የነጠረችው ኳስ፦ አቶ ኩሩቪላ ቼሪያን (1952 – 2019)

አቶ ኩሩቪላ ቼሪያን ከአባታቸው ከአቶ ቼሪያን ኩሩቪላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሪያማ፣ በደቡብ ሕንድ ከኮታያም ከተማ ወጣ ብሎ በሜናቺል ወንዝ ዳር በሚገኘው የጎማ ተክል እርሻ ግቢ፣ ጁን 4 ቀን 1952 ተወለዱ። (እዚህ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) የበኩር ልጅ ስለሆኑ በወጋችን መሠረት የአያታቸውን ስም ወረሱ። ዝናቡ በገባ በሦስተኛው ቀን ስለተወለዱ እናታቸው፣ «ይሄ ልጅ ከዝናቡ ጋር መጣ፤ እንደ ዝናቡም አያባራም» ይሉ ነበር። እውነትም አፋቸው አላባራም።

ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው አሌያማ ናት። ወድዳ አይደለም፤ አደራ ተጥሎባት ነው። የሚያነበው ልጃቸው ቢኖይ ነው። ቢኖይን መሃል ላይ ያለውን እንዲዘል አንድ ሰው ትናንት ለምኖታል። ያ ሰው አሁን በወንዶቹ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ ነው። አሌያማ ግን ወረቀቱን በሁለት መቶ ቅጂ አሳትማ በር ላይ አሳድላለች። ስለዚህ መዝለል አያዋጣም፤ ቢኖይ፣ ቀጥል።

አቶ ኩሩቪላ ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደ ደረሰ በአጥቢያው ትምህርት ቤት ገብተው አንደኛ ደረጃን፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። በ1972 ዓ.ም. ከኮታያም ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመረቁ። እውነተኛው ትምህርታቸው ግን የተካሄደው በእርሻው ግቢ በነበረው የቴኒስ ሜዳ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሥራ አስኪያጅ አገሩ ሲገባ ሜዳውንና መረቡን ትቶ ሄደ። ለሜዳው የሚወጣ በጀት ስላልነበረ፣ በየቅዳሜው በእበት የሚለቀልቁት ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ የእርሻው ጸሐፊ ልጅ ኩሩቪላ፣ ሌላው የጎማ ደሚዎቹ (የጎማውን ዛፍ በጥተው ወተቱን የሚቀዱት ሠራተኞች) አለቃ ልጅ ኢፔን። ኩሩቪላ ሥራውን በአፋቸው ሲያካሂዱ ኢፔን በእጁ ይለቀልቅ ነበር።

«ኢፔን ባልዲውን አነሳ! ወደ ግራ ዞረ! ተመልካቾች፣ እበቱ ዛሬ ቀጠን ብሏል!»

«ኧረ አንተ ልጅ፣ አንዱን ባልዲ እንኳ ያዝ» ትላለች አሌያማ። ማን ሊሰማት።

በዚያ ሜዳ አንድ ደንብ ነበር። የመስመር ዳኛ የለም። የሒሳብ መምህሩ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነጥብ ይቆጥራሉ እንጂ አይፈርዱም፤ ዓይናቸውም እምብዛም ነበር። ኳስ ስትወድቅ የሚፈርደው የወደቀችበት በኩል ተጫዋች ነው። ወጥታ ከሆነ «ወጥታለች»፣ ሁለት ጊዜ ነጥራ ከሆነ «ሁለት ናት» ይላል፣ ሌላው አይከራከርም። ሰውን ሌባ ከማለት ነጥብን መተው ይሻላል ተብሎ የተደነገገ ነው። ባላጋራህ ካልፈረደ ዝም ብለህ ትጠብቃለህ።

በፌብሩዋሪ 1973 የአውራጃው ሻምፒዮና ፍጻሜ በዚሁ ሜዳ ተደረገ። የቀረቡት እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ። ያሸነፈ ማድራስ ሄዶ ከታወቀ አሠልጣኝ ዘንድ ሁለት ዓመት በነፃ ይሠለጥናል፤ የተሸነፈ እጅ ጨብጦ ቤቱ ይገባል። ከጎማው ፋብሪካ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለ ሰው ሁሉ ወጥቷል። አሌያማ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ቅርጫት ይዛ መስመሩ ዳር ተቀምጣ ኳስ ትለቅም ነበር።

መጨረሻው ዙር ላይ ኢፔን ለዋንጫው አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረችው። ኳሷን አሳልፎ በኩሩቪላ በኩል መረቡ ሥር ጣል አደረጋት። ኩሩቪላ ከኋላ ሮጠው መጡና ወደ ማዶ መለሷት፤ ኢፔን ግን አልመታትም፤ ራኬቱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ኳሷ ራኬታቸው ሳይደርስባት ሁለት ጊዜ ነጥራለች። እበቱ ገና እርጥብ ስለነበር ሁለት ክብ ምልክት ጎን ለጎን ትታለች። ኩሩቪላ ሁለተኛው ላይ ቆሙበት። ተረከዛቸውን አንድ ጊዜ አዞሩ።

መምህሩ አንገታቸውን አስግገው፣ «ኩሩቪላ፣ እንዴት ናት?» አሉ።

«ደህና ናት።»

በሕይወታቸው ከተናገሩት ሁሉ አጭሩ ይኸው ነው፤ ክፉውም ይኸው ነው። ኢፔን አንድ ጊዜ አዩአቸው፣ ቀጥሎ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ አንድ ነጥብ አላገኙም። ዋንጫው ለኩሩቪላ ተሰጠ፣ እናታቸው ራዲዮኑ ላይ አስቀመጡት። (ኢፔን ከዚህ ወዲያ አቶ ኢፔን ናቸው፤ በዚያች ከሰዓት በኋላ አረጁ ቢባል ሐሰት አይሆንም።)

አቶ ኩሩቪላ ማድራስ ሄዱ። ከ1975 እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ቴኒስን ኑሯቸው አድርገው በካልካታ፣ በኮሎምቦ፣ በቴህራንና በአውሮፓ ትናንሽ ከተሞች ተጫወቱ። በለንደን ሣር ላይም አንድ ጊዜ ቆመዋል፤ በአርባ ደቂቃ ተሸንፈው ወጡ፣ ስለዚያች አርባ ደቂቃ ግን ለሠላሳ ዓመት አወሩ። በ1976 ዓ.ም. አሌያማ አቶ ኢፔንን ስታገባ ከካልካታ ቴሌግራም ላኩ፤ «ጨዋታ ላይ ነኝ። ደስ ብሎኛል» ይላል። ሠርጓን ቆሞ ሊመርቅላት የሚገባው ይኸው አንድ ወንድሟ ነበር። አፍ ያለው ያግባሽ ይባላል፤ አሌያማ አፍ የሌለውን አገባች፣ አፍ ያለውን እግዚአብሔር ወንድም አድርጎ ሰጣት፣ ከሁለቱም እፎይ ሳትል ኖረች።

አቶ ኢፔን የቴሌግራሙን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ይምጣ ሲመቸው» አሉ። በዚህ ሰውዬ ላይ ምን ይባላል።

በ1979 ዓ.ም. አቶ ኩሩቪላ ወይዘሮ ራሄላማን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አግብተው ቢኖይንና ጂሻን አፈሩ። በ1982 ዓ.ም. ጉልበታቸው ተጎዳ፣ ራኬቱ ተሰቀለ። ሰው ሁሉ አዘነላቸው፤ በዓመቱ ግን ራዲዮ ጣቢያ ማይክሮፎን ሰጣቸው፣ ከዚያ በኋላ የሚታዘነው ለአድማጩ ሆነ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ጎበዝ ነበሩ። ቴኒስን በእኛ በማላያላም ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፈራችን ጆሮ ያሰሙ እሳቸው ናቸው። የዓሣ ነጋዴዋ ሚዛኗን አቁማ ታዳምጣቸዋለች። ራኬት በዓይናቸው ያላዩ ጎማ ደሚዎች «የኋላ እጅ ምቱ ደካማ ነው» እያሉ ይከራከሩ ነበር። በራዲዮ ቤት ዝምታ ሞት ነው፤ ዝም ካልክ አድማጭ መብራት የጠፋ ይመስለዋል። አቶ ኩሩቪላ ደግሞ ለዚህ ሥራ እናታቸው ማኅፀን ውስጥ ሳሉ የተቀጠሩ ናቸው። ችግሩ ጨዋታው ቤትም መቀጠሉ ነበር።

«ራሄላማ ወጡን አወረደች... ትቀምሰው ይሆን? ቀመሰችው! ጨው ጎደለ!»

«ሰውዬ፣ አፍህን ይዘህ ብላ» ይላሉ ወይዘሮ ራሄላማ።

ስህተትን በማረም ረገድ ልክ የለሽ ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. ለልጃቸው ለጂሻ የመጀመሪያ ቁርባን ሁላችን ለብሰን መኪና ውስጥ ተቀምጠን ሳለን፣ ከመኪናው ወርደው በብስክሌት ወደ ጣቢያው ተመለሱ። ለምን ቢባል፣ በዋዜማው ስርጭት የአንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ውጤት «ሰባት ለስድስት» መባል ሲገባው «ሰባት ለአምስት» ብለው ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ በሙቀት ተቀቀልን። ሲመለሱ፣ «በአየር ላይ የተሳሳተ በአየር ላይ ይታረማል፣ ሕጉ ነው» አሉ። በኋላ ላሠለጠኗቸው ወጣቶችም ይህንኑ አስተማሩ። በየስርጭቱ መጀመሪያ ደግሞ ራሳቸውን እንዲህ ያስተዋውቁ ነበር፦ «ኩሩቪላ ቼሪያን ነኝ፤ የ1973 የኮታያም አውራጃ ሻምፒዮን።» ይህን በተናገሩ ቁጥር አቶ ኢፔን ቁንዶ በርበሬያቸውን ውሃ ለማጠጣት ይወጡ ነበር። ዝናብ እየዘነበም ቢሆን።

አሁን ስለ 1991 ዓ.ም.። በማድራስ ውድድር አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ጨዋታውን አቁሞ ወደ ዳኛው ሄደና፣ «ሁለት ጊዜ ነጥራለች፤ ነጥቡ የሱ ነው» አለ። ዳኛው አላየም ነበር። አቶ ኩሩቪላ ማይክሮፎን ላይ ነበሩ። ዝም አሉ። አሥር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ፣ አንድ ደቂቃ። ቴክኒሻኑ ገመዱን ነቀነቀ። ኮታያም ውስጥ ስንት ሰው ራዲዮኑን በጥፊ እንደ መታ እግዚአብሔር ይወቀው። አሌያማ ዓሣ እያጠበች ሳለ እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ። በመጨረሻ ድምፃቸው ተመለሰ፣ «ይህ ልጅ ዛሬ ተኝቶ ያድራል» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

አቶ ኢፔን ራዲዮኑን ዘጉ። «ባትሪው አልቋል» አሉ። ባትሪው አዲስ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ወደ ቴሌቪዥን ተዛወሩ። በቴሌቪዥን ሕጉ ይገለበጣል፤ ኳስ በአየር ላይ ሳለች ተናጋሪ ዝም ይላል፣ ሰው ራሱ ያያላ። እሳቸው ግን ይህን ሕግ እንደ ስድብ ቆጠሩት። አለቃቸው በጆሮ ማዳመጫው፣ «አቶ ኩሩቪላ፣ እያየን ነው፣ ኧረ እያየን ነው!» ሲል ተመልካቹ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር ይባላል። ቢሆንም ለሃያ አንድ ዓመት ሠሩ፣ ሁለት ሽልማት ተቀበሉ፣ ወጣት አስተላላፊዎችን አሠለጠኑ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰው የሚያውቃቸው ግን በሌላ ነገር ነው፤ በመቅረት። የዐቢይ ጾም በሚገባበት ሰኞ፣ በሹብኮኖ ዕለት፣ አባታችን ቄሱ ከሁሉ አስቀድመው ተንበርክከው ይቅርታ ይጠይቁናል፣ ከዚያም እያንዳንዳችን ከእያንዳንዱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ይቅር እንባባላለን። የተጣላም ያልተጣላም፣ ሁሉም። አቶ ኩሩቪላ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ሰኞ አንድም ቀን አልተገኙም። ዱባይ ጨዋታ አለ። ፑኔ ጨዋታ አለ። አንድ ዓመት በዓለም ላይ የሚተላለፍ ጨዋታ ጠፋ፤ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ባንጋሎር ሄዱ። ኮታያም ጥርስ ሐኪም የሌለ ይመስል።

«አቻያ፣ ዘንድሮስ?» ትላቸዋለች አሌያማ በየዓመቱ፣ ታላቅ ወንድም በሚጠራበት ስም።

«ዘንድሮ አይመቸኝም፤ ለከርሞ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኛ ቤት ንጋት አርባ ስድስት ዓመት ፈጀ።

በ2017 ዓ.ም. ድምፃቸው መጎርነን ጀመረ። «ዱባይ ያለው አየር ማቀዝቀዣ ነው» እያሉ ስምንት ወር ሐኪም ቤት ሳይሄዱ ቀሩ። ልብ አውልቅ! ሲሄዱ የጉሮሮ ካንሰር ነበር፣ የድምፅ ሣጥናቸው ወጣ። ያ ሁሉ ዝናብ በአንድ ቀን አባራ። ከዚያ ወዲያ የሚናገሩት በትንሽ ደብተር ላይ እየጻፉ ሆነ፤ እሱንም በሳምንት አንድ ደብተር ይጨርሱ ነበር። ቤቱ ጸጥ ሲል ወይዘሮ ራሄላማ ወጥ ሲያወርዱ ወደ ኋላ ዞር ይሉ ጀመር፤ ጨው ጎደለ የሚላቸው የለም። እናለቅስ ነበር፣ ምን እንደብቃለን።

ማርች 4 ቀን 2019 ሹብኮኖ ሆነ። አቶ ኩሩቪላ ነጭ ሙንዳቸውን አገልድመው ማንም ሳይጠራቸው መጡና ሰልፉ ውስጥ ገቡ። አቶ ኢፔን ዘንድ ሲደርሱ እጃቸውን አልሰጡም። በዚያ ጉልበታቸው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። በጣታቸው ወለሉን ሁለት ጊዜ መቱ፣ አንድ፣ ሁለት። ከዚያ ሁለተኛውን በመዳፋቸው ጠረጉትና ቀና ብለው አዩአቸው።

ከኋላ ያለ ሰው፣ «ምን ሆኑ? አዞራቸው እንዴ?» አለ። አባታችንም፣ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ፣ ሰልፉ ቆመ» አሉ።

«ተነስ እንጂ፣ ጉልበትህን» አሉ አቶ ኢፔን። ብብታቸው ሥር ገብተው አነሷቸው። ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰልፉን ዘግተው ቆሙ።

ከቅዳሴው በኋላ ግቢው ውስጥ ጃክፍሩት ዛፉ ሥር ተቀመጡ። አቶ ኩሩቪላ ጻፉ፦ «ለምን ያኔ አልተናገርክም?»

«ባንተ በኩል ነው የወደቀችው» አሉ አቶ ኢፔን። «ፈራጁ አንተ ነህ። እስክትፈርድ ጠበቅኩ።»

«46 ዓመት?» ብለው ጻፉ፤ ሥሩንም አሰመሩበት።

«ምን የሚያስቸኩል ነገር ነበረኝ?»

አሌያማ አጠገባቸው ቆማ ይህን ሰማች። ሁለቱንም በአንድ ራኬት ብትላቸው ምን ያህል ደስ ባላት! አንዱ ማይክሮፎን ተሰጥቶት የማይናገር፣ ሌላው አፍ ተሰጥቶት የማይጠይቅ። በመካከላቸው ስንት ፋሲካ፣ ስንት ልደት፣ ስንት የዓሣ ወጥ ዝም ተብሎ ተበላ።

አቶ ኩሩቪላ በኦክቶበር ወር አልጋ ላይ ሲውሉ እህታቸውን አስጠርተው ደብተሩን ሰጧት። «በአየር ላይ የተሳሳተ በአየር ላይ ይታረማል። እኔ አየር የለኝም። የቀብሬ ቀን ሰው ፊት አንብቢልኝ» ይላል። አቶ ኢፔን ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። «ለእኔ ነግሮኛል፣ በቃኝ። ሙት አይወቀስም። አታንብቢ» አሉ። እነሆ ተነበበ። በ1973 ዓ.ም. ፍጻሜ የተነገረው ውጤት ስህተት ነበር፤ ኳሷ ሁለት ጊዜ ነጥራለች፤ ነጥቡም ዋንጫውም የአቶ ኢፔን ነው።

ደብተሩ ግን እዚህ አላበቃም። ገጹ ሲገለበጥ፣ «አሌያማ፣ አንቺም አይተሻል። ስታዪኝ አይቼሻለሁ። የእኔን አንብቢ፣ ያንቺን ራስሽ ጨምሪበት» ይላል። ሞተውም አያርፉ! እንግዲህ ይጨመር። አሌያማ ቅርጫቷን ይዛ ከመስመሩ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበረች። ሁለቱንም ምልክት አይታለች፣ ተረከዙ ሲዞርም አይታለች። ወንድሟ ስለሆነ ዝም አለች። ሦስት ዓመት ቆይታ የተበደለውን ሰው አገባችው፣ አርባ ሦስት ዓመትም አንድ ትራስ ላይ ዝም አለች። በየሹብኮኖው እጁን ይዛ «ይቅር በለኝ» ስትል ስለ ምን እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም እንደ ልማዱ አልጠየቀም። ወንድሟን አርባ ስድስት ዓመት ስታማው የኖረችው በራሷም ባለ ጥፋት ነው። ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ትጠይቃለች። መልሱን ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ብትሰማው ትወዳለች፤ ሌላ አርባ ስድስት ዓመት መጠበቅ አትችልም።

አቶ ኩሩቪላ ቼሪያን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኖቬምበር 12 ቀን 2019 በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ራሄላማን፣ ልጆቻቸውን ቢኖይንና ጂሻን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን አሌያማን፣ የእህታቸውንም ባል፣ የ1973 ዓ.ም. የኮታያም አውራጃ የሜዳ ቴኒስ ሻምፒዮን አቶ ኢፔንን ትተው ሄደዋል።

በራሳችን ላይ እስክንፈርድ የታገሰን አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ድምፃቸውንም ይመልስላቸው፣ እዚያ ያሉት ይቻሉት።